ማማው ላይ ሰው ሲኖር

በሰመር ቅዳሜ ማለዳ ከዋሽንግተን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ተነሥተው የቼሳፒክን ድልድይ በመሻገር ወደ ኦሽን ሲቲ የሚነዱ የአበሻ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጀው ጉዞ ሳይጀመር ስለ ማደሪያው፣ ስለ ፓርኪንጉና ስለ ስንቁ በደንብ ይመከራል። ስለ ውሃው የሚነሣው ጥያቄ ግን «ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው ወይ?» የሚል ብቻ ነው። ልጆችን ዋና የምናስተምር ሰዎች ከሁሉ በፊት ልናስቀይረው የሚገባን ይህን ጥያቄ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት ልጆቹ በሚገቡበት ሰዓት፣ በሚገቡበት ቦታ ትይዩ፣ ማማው ላይ ላይፍጋርድ መኖር አለመኖሩ ነው።

ወንዝና ሐይቅ እያየ ያደገ ሰው የሚያጓራውን ውሃ ይፈራል፤ የተኛውን ያምናል። አትላንቲክ ላይ ይህ ልማድ ሊያሳስት ይችላል። ማዕበል ወደ ዳርቻው የገፋው ውሃ ተመልሶ መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም ከባሕሩ ሥር የተከመረው አሸዋ ዝቅ ባለበት በኩል ተሰብስቦ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ማዕበሉ ብዙ ጊዜ በደንብ አይሰበርም። ስለዚህ በግራና በቀኝ ነጭ አረፋ እየተንከባለለ መካከሉ ጠቆር ያለና ለጥ ያለ ሆኖ ይታያል። ጠንቃቃ እናት «እዚህ ይሻላል» ብላ ልጇን የምታስገባው ልክ እዚያ ነው። ሪፕ ከረንት የሚባለው ይህ ጅረት ሲበረታ በሰከንድ እስከ 2.4 ሜትር ይፈጥናል፤ የኦሎምፒክ ዋናተኛም አይቋቋመውም። ሰውን ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ውጭ ይወስዳል። የሚገድለው ከጅረቱ ጋር ትግል ገጥሞ መዛል ነው። የአሜሪካ ላይፍጋርዶች ማኅበር እንደሚለው በማዕበላማ ዳርቻዎች ከሚደረገው የማዳን ሥራ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆነው ከዚሁ ጅረት ጋር የተያያዘ ነው። አሸዋው ደግሞ በየጊዜው ስለሚንቀሳቀስ ትናንት ደህና የነበረ ቦታ ዛሬ ላይሆን ይችላል። ከጠዋት ጀምሮ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ውሃ ሲመለከት የዋለ ሰው ይህን ለውጥ ያያል፤ ፊሽካ ነፍቶም ሰዎችን ከቦታው ያሸሻል። የላይፍጋርድ ትልቁ ሥራ ማንም ሳይጮህ የሚያልቀው ይህ ነው።

ይኸው ማኅበር የሚጠቅሰው ግምት አለ፤ አባሎቹ በሚጠብቁት ዳርቻ አንድ ሰው የመስጠም ዕድሉ ከ18 ሚሊዮን አንድ ነው ይላል። ቁጥሩ የራሳቸው ስለሆነ በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ የተጠበቁት ዳርቻዎች ከመጀመሪያውም የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ መከራከርም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ጅረት የሚያይ፣ ሰው የሚያንቀሳቅስና መንሳፈፊያ ይዞ የሚደርስ ሠራተኛ መኖሩ ምን እንደሚለውጥ ለመረዳት ቁጥሩ የግድ አያስፈልግም።

በኔ እይታ ከቦታው ይልቅ የሚረሳው ሰዓቱ ነው። የኦሽን ሲቲ ላይፍጋርዶች ማማ ላይ የሚቀመጡት በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 እስከ ከሰዓት በኋላ 5፡30 ነው። እኛ ግን አርፍደን እንነሣለን፣ ድልድዩ ላይ መኪና ይዘገያል፣ ምሳ ይበላል፤ ፀሐዩ በርዶ ሕዝቡ ሲሳሳ ልጆቹ ውሃ ይገባሉ። ዳርቻው ያው ነው፣ ጥበቃው ግን የለም። በመስከረምም እንዲሁ ነው። ለዘመን መለወጫ የሚሄድ ቤተሰብ ውሃው ገና እንዳልቀዘቀዘ ያገኘዋል። ነገር ግን ከሌበር ዴይ በኋላ ብዙዎቹ ወጣት ጠባቂዎች ወደ ኮሌጅ ስለሚመለሱ በማማና በማማ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ወሩ የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ የሚበረታበትም ነው፤ ሩቅ ያለ ነፋስ በጠራ ሰማይ ሥር ኃይለኛ ማዕበልና ጅረት ይልካል።

«ከቁርጭምጭሚት በላይ አናስገባቸውም» የሚሉ ወላጆች አሉ። ዳርቻው ተዳፋት በሆነበት ቦታ ግን ማዕበሉ ቀጥታ አሸዋው ላይ ይፈርጣል፤ አንገትና አከርካሪ የሚሰበረውም በጥልቅ ውሃ ሳይሆን እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ሌሎች ደግሞ አናፖሊስ አጠገብ ያለውን ሳንዲ ፖይንት ይመርጣሉ፤ ለትንንሽ ልጆች መልካም ምርጫ ነው እላለሁ። ሆኖም የቼሳፒክ ውሃ ድፍርስ ስለሆነ ከሥሩ የገባ ሕፃን አይታይም። ጠባቂ የሚያስፈልገው ለማዕበል ብቻ አይደለም።

በጣም የሚከብደው ተቃውሞ ላይፍጋርድ ሲኖር ወላጅ ይዘናጋል የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይዘናጋል። አንድ ጠባቂ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ያያል፤ ዋና የማይችል ልጅ ግን የሚያስፈልገው እጁ የሚደርስበት አዋቂ ነው። ስለዚህ ምንጣፉን ከማማው ትይዩ ማንጠፍ፣ እንደደረሱም ጠባቂውን ሰላም ብሎ «ዛሬ ጅረቱ በየት በኩል ነው?» ማለት ያስፈልጋል፤ አያፍሩ፣ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። ልጆች የመንገዱን ቁጥር በቃላቸው ይያዙ፤ ኦሽን ሲቲ ውስጥ መንገዶቹ እስከ 146 ድረስ በቁጥር የተሰየሙ ስለሆነ ለጠፋ ልጅም ለ911 ጥሪም ይጠቅማል። ዋና የማይችል አባት ልጁን ተከትሎ ከመግባት ይልቅ የሚንሳፈፍ ነገር ቢወረውርና ቢጣራ ይሻላል፤ አለበለዚያ የሚፈለጉት ሁለት ይሆናሉ። ከ5፡30 በኋላ የደረሰ ቤተሰብ ደግሞ ያን ምሽት ልጆቹን ከውሃው ርቀው በአሸዋው ያጫውታቸውና ጠዋት 10 ሰዓት ላይ ይዟቸው ይመለስ።