የክብራን ጥቁር ቀለም

በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ከባሕር ዳር በጀልባ ቅርብ ነው። ምሁሩ ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣናን የብራና መጻሕፍት ዘርዝረው በ1973 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ ቁጥር 1 ያደረጉት የዚህን ገዳም አራቱን ወንጌል ነው። ወንጌሉ የተጻፈው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ ነው። ብዙ ሰው ሥዕሎቹን ያደንቃል፤ ይገባቸዋልም። እኔን የሚይዘኝ ግን የፊደሉ ጥቁረት ነው።

ቁም ጸሐፊ ጥቁር ቀለም የሚያወጣው ከጥላሸት ነው። ከምጣድና ከድስት ቂጥ ይፋቃል፤ እስኪከስል ያረረ ገብስ ወይም ስንዴ ይጨመርበታል፤ የግራር ሙጫ ይገባበታል። ተወቅጦ፣ በውሃ ተለውሶ፣ እየታሸ ለወራት ይሰነብታል። ከዚያ ተጠፍጥፎ ይደርቃል፤ ሲፈለግ በውሃ ይበጠበጣል።

ወራት መፍጀቱ ያለ ነገር አይደለም። የጥላሸት ቅንጣት በአሥር ቤት ናኖሜትር የሚለካ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፋይ ነው። ቅንጣቶቹ ከእሳቱ የሚወጡት እንደ ዶቃ ተያይዘው ነው፤ ውሃም አይስማማቸውም። ብቻቸውን ቢበጠበጡ ይጓጉላሉ፣ ይዘቅጣሉ። ሙጫው በየመሐላቸው ገብቶ ሲለብሳቸው ግን ተራርቀው ይንሳፈፋሉ። ያልበሰለ ቀለም ከመቃ ብርዕ ሲወርድ ይቆራረጣል። በደንብ የታሸው የ«ጠ»ን ሦስት እግሮች ከራስ እስከ ጥፍር እኩል ያጠቁራል። 

ዛሬ በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ያለው ጭንቅም ይኸው ጥላሸትን ሳይጓጉል መበተን ነው። በብዙ ኤልሲዲ ስክሪን ላይ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ነጥብ የሚለያየው ቀጭን ጥቁር መረብ ከማያያዣ ጋር የተዋሐደ በፋብሪካ የሚመረት ጥላሸት፣ ካርቦን ብላክ የሚሉት ነው። ከጓጎለ ብርሃን ያሾልካል። በሊቲየም ባትሪ ውስጥም ኃይል የሚያከማቸው ዱቄት ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ጥቂት ካርቦን ብላክ ይደባለቅበታል፤ በእኩል ካልተሰራጨ የዱቄቱ ከፊል ሥራ ይፈታል። አንዱ ጥላሸት ለሁለቱም የሚበቃበት ምክንያት ደስ ይለኛል፦ በካርቦኑ ንጣፎች ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሉት ኤሌክትሮኖች ብርሃኑን የሚውጡ፣ ኤሌክትሪኩንም የሚያሻግሩ ናቸው። የእኛ ጸሐፍት የፈለጉት የመጀመሪያውን ነበር፤ አበታተኑን ግን ጠንቅቀው ደረሱበት።

አውሮፓ ለዘመናት የጻፈበት ከብረት ጨው የሚወጣ ቀለም ብዙ መጽሐፍ በልቷል። የጥላሸት ቀለም ብራናን አይበላም፤ ፀሐይም አታደበዝዘውም። ጠላቱ ውሃ ነው። ሙጫው ስለሚሟሟ እርጥብ ጣት ፊደሉን ሊያነሣው ይችላል። እንዲህ ያለውን ቀለም በሐይቅ መሐል፣ ከክረምት ክረምት፣ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ሳያርሱ ያቆዩት መነኮሳት ከጸሐፊው ያላነሰ እጀ ብልሆች ናቸው።