ከደወሉ ድምፅ ማዶ
ስለ ኒክ ሁዋኪን «ባህልና ታሪክ» የቀረበ ሒስ

ፊሊፒናዊው ደራሲ ኒክ ሁዋኪን በ1988 ዓ.ም. «ባህልና ታሪክ» የተሰኘውን የድርሰት መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ፥ የአገሩ ሊቃውንት መቶ ዓመት ያህል ሲከራከሩበት ወደ ኖሩት ጥያቄ መግባቱ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄውም ፊሊፒናዊ ማን ነው? እስፓኛውያን ከመምጣታቸው በፊት የነበረውስ ሰው እርሱ ራሱ ነውን? የሚል ነው። ስሙ እንኳ ነገሩን ያወሳስበዋል። አገሪቱ የተሰየመችው በእስፓኙ ንጉሥ በዳግማዊ ፊልጶስ ነውና፤ «ፊሊፒኖ» የሚለውም መጠሪያ አስቀድሞ በደሴቶቹ ለተወለዱ እስፓኛውያን ይነገር የነበረ እንጂ የአገሬው ሕዝብ ስም አልነበረም።

ለጥያቄው ከሁሉ በፊት የተደራጀ መልስ የሰጠው ሆሴ ሪሳል ነው። ሪሳል በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጦ፥ እስፓኛዊው ሹም አንቶኒዮ ዴ ሞርጋ በ1609 ዓ.ም. በሜክሲኮ ያሳተመውን የደሴቶቹን ታሪክ በእጁ ገልብጦ፥ ከራሱ ማብራሪያ ጋር በፓሪስ አሳተመው። ኅትመቱ የ1890 ዓ.ም. ቀን ይዟል። ዓላማው አባቶቹ መርከብ የሚሠሩ፥ የሚነግዱና የሚጽፉ ሕዝብ እንደ ነበሩ፥ ይህንም ያጠፋው ወረራው መሆኑን ማስረዳት ነበር። መቅድሙን የጻፈለት ወዳጁ ፈርዲናንድ ብሉሜንትሪት ሳይቀር ያለፈውን ዘመን በዛሬ ሚዛን መመዘኑን ነቅፎበታል፤ ኢሳቤሎ ዴ ሎስ ሬየስም ያገር ፍቅሩ ከማስረጃው አልፎ መሄዱን ገልጿል። ነቀፌታው እውነት አለው። ይሁን እንጂ የሪሳልን ማብራሪያ የሚያነብ ሰው የታሪክ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የክስ መዝገብም እንደ ያዘ ማወቅ አለበት፤ ጸሐፊው በ1896 ዓ.ም. በእስፓኛውያን ጥይት ተገድሏልና።

የጠፋውን ጥንታዊ ማንነት የመሻቱ ጉጉት ከእርሱ በኋላ ወደ ስሕተት አደረሰ። በ1914 ዓ.ም. ሆሴ ማርኮ የተባለ ሰው ለማኒላው ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አንዳንድ ጽሑፎች አስረከበ፤ ከነዚህም መካከል ካላንቲያው የሚባል አለቃ በ1433 ዓ.ም. አወጀው የተባለ ሕግ ነበረበት። ሕጉ ጨካኝ ቅጣቶችን የሚዘረዝር ነው፤ ሆኖም ጥንታዊና «የራስ» መስሎ ስለ ታየ በየትምህርት ቤቱ ተጠና፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ለፍትሕ አገልግሎት የሚሰጥ ኒሻን በካላንቲያው ስም ተቋቋመ። ይህ የሆነው ዊልያም ሄንሪ ስኮት የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1968 ዓ.ም. ባቀረበው የምርምር ጽሑፉ ሰነዱ ሐሰተኛ መሆኑን ካስረዳ ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ያስደንቃል።

ሁዋኪን የተነሣው ይህን የመሰለውን ፍለጋ ለመቃወም ነው። ባህል ማለት በእርሱ ዘንድ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ቅርስ ሳይሆን ሰው በሚይዘው መሣሪያ እየተለወጠ የሚሄድበት መንገድ ነው። መንኮራኩርና ሞፈር፥ መንገድና ድልድይ፥ ሰዓት፥ ወረቀትና ማተሚያ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ደሴቶቹ ሲገቡ አዲስ ሰው ተወለደ፤ ፊሊፒናዊም ይኸው ነው ይላል። ከዚህ ሰው ላይ ባዕድ የሆነውን ሁሉ ገፍፎ ንጹሑን ለማግኘት የሚደክም ምንም አያገኝም።

ሐሳቡ ብርቱ ነው። ሬይናልዶ ኢሌቶ በ1979 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናቱ፥ የታጋሎግ ገበሬዎች በሰሙነ ሕማማት የሚያዜሙት «ፓስዮን» የተባለው የክርስቶስ ሕማማት ግጥም የነጻነት ትግል ቋንቋ እንደ ሆናቸው አሳይቷል። ካህናቱ ለትዕግሥትና ለመታዘዝ የሰጡትን ሕዝቡ ለመነሣት ተጠቀመበት። ሁዋኪን ከዚህ የተሻለ ምስክር ሊያገኝ አይችልም።

ነገር ግን መሣሪያ የሚሰጠውን ያህል ይወስዳል። በ1593 ዓ.ም. በማኒላ የታተመው የክርስትና ትምህርት መጽሐፍ የታጋሎግን ቃል ባይባዪን በተባለው ባገሬው ፊደልና በላቲን ፊደል ጎን ለጎን አቅርቧል። ከዚያ በኋላ ግን ያገሬው ፊደል በታጋሎጎች ዘንድ ቀስ በቀስ ተረሳ። የዚያው ፊደል ዘመዶች እስከ ዘመናችን የዘለቁት በሚንዶሮ በማንግያኖች፥ በፓላዋንም በታግባንዋዎች ዘንድ ነው፤ ይኸውም ማተሚያው ባልደረሰበት ስፍራ መሆኑ ነው። ሁዋኪን ትርፉን ሲቆጥር ኪሳራውን በችኮላ ያልፈዋል።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ደግሞ ያልታሰበ ምስክር መጣ። በ1989 ዓ.ም. በላጉና አውራጃ በአንድ ወንዝ አፍ አሸዋ ሲወጣ የተጻፈበት የመዳብ ሰሌዳ ተገኘ፤ በማንግያኖች መካከል ይኖር የነበረው የሆላንድ ተወላጅ አንቶን ፖስትማም አነበበው። የተጻፈው በ900 ዓ.ም. ነው። እንደ ካላንቲያው ሕግ የሚያስፈራ አዋጅ ወይም የንጉሥ ፉከራ አይደለም፤ ናምዋራን የሚባል ሰው ከነቤተሰቡ ከአንድ ካቲና ከስምንት ሱዋርና ወርቅ ዕዳ ነጻ መውጣቱን የሚገልጽ ደረሰኝ ነው። ፊደሉ ከጃዋ፥ የዘመን አቆጣጠሩ ከህንድ፥ ቋንቋው የጥንት ማላይ ሆኖ የሳንስክሪት ቃላት የተቀላቀሉበት ነው። እንግዲህ የባዕድን መሣሪያ ወስዶ የራስ ማድረግ የተጀመረው እስፓኛውያን በ1565 ዓ.ም. በደሴቶቹ ከመስፈራቸው ስድስት መቶ ዓመት አስቀድሞ ነው። ሁዋኪን ስለ መንገዱ የተናገረው ሲጸና፥ መነሻ ብሎ የተከለው ድንጋይ ይነቀላል።

ከሁሉ የሚከብደው ነቀፌታ ግን ሌላ ነው። እስፓኛውያን ተበታትኖ የሚኖረውን ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ደወል ወደሚሰማበት ስፍራ ይሰበስቡ ነበር። ሁዋኪን የሚያወድሳቸው መሣሪያዎች የተዘረጉትም ከዚህ ደወል ሥር ነው። በዚህ ሚዛን ከተኼደ በሰሜን ሉሶን ተራሮች የሚኖሩት ኢጎሮቶች፥ በሚንዳናዎና በሱሉም ያሉት እስላሞች ፊሊፒናውያን አይባሉም፤ ወይም ታሪክ የሌላቸው ሆነው ይቀራሉ። ዛሬ ግን የአንድ አገር ዜጎች ናቸውና ጉዳዩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በሳጋዳ ብዙ ዘመን ያስተማረው ስኮት በ1974 ዓ.ም. ስለ ኢጎሮቶች ባሳተመው መጽሐፉ፥ ተራራዎቹ ወርቅ የሚሸጥባቸው፥ ግብር የሸሸም ቆላኛ የሚጠጋባቸው እንደ ነበሩ ከራሳቸው ከእስፓኛውያኑ ጽሑፍ አውጥቶ አሳይቷል። ደገኛውንና ቆላኛውን ሁለት ሕዝብ ያስመሰለው፥ አንዱ ሲገዛ ሌላው አልገዛም ማለቱ ነው።

በኢፉጋዎ ያሉት የሩዝ እርከኖች ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠሩ፥ የባዕድ እጅ ያልነካቸው ሐውልቶች ናቸው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ስቴፈን አካባዶና የሥራ ባልደረቦቹ በቁፋሮ ያገኙት ማስረጃ ግን ቀድሞ ጎደሬ ይለማበት በነበረው ተራራ ላይ የውኃ ሩዝ የተስፋፋው እስፓኛውያን ወደ ሰሜን ከገፉ በኋላ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ከሆነ፥ ሰው በገጠመው ነገር ይለወጣል ያለው ሁዋኪን ለራሱ ከገመተው በላይ ልክ ነበረ፤ ደወሉን ላለመስማት ወደ ዳገት የወጣውም ሰው በደወሉ ምክንያት ተለውጧልና። ሁዋኪን ያረፈው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የአካባዶ የመጀመሪያ የዘመን ጥናት የታተመው ከዚያ በኋላ፥ በ2009 ዓ.ም. ነበር።