ሳይፈልጉት የሚገኝ ዕፅ፦ የጌሊክ የዕፅዋት ትውፊትና የዛሬው “ወደ ተፈጥሮ መመለስ”

ስለ ስኮትላንድ የዱር ዕፅዋት የሚጽፉ የዘመናችን ደራስያን ዕፅ ፈልጎ በመልቀም ከተፈጥሮ ጋር መታረቅ እንደሚቻል ይሰብካሉ፤ ምስክር አድርገው የሚጠሩትም የአገሩን ነባር ቋንቋ የጌሊክን ተናጋሪዎች ትውፊት ነው። ምስክሩ በጥንቃቄ ሲጠየቅ ግን የሚናገረው ሌላ ነው።

የኤክሳይስ ታክስ ሠራተኛ የነበረው አሌክሳንደር ካርማይክል በሄብሪዲስ ደሴቶችና በሰሜናዊው ተራራማ አገር እየተዘዋወረ የሰበሰባቸውን ጸሎቶችና ድግምቶች እ.ኤ.አ. በ1900 “ካርሚና ጋደሊካ” ብሎ በሁለት ቅጽ አሳተመ። እዚያ ከሚነሡት ዕፅዋት አንዱ ቢጫ አበባ ያለው፣ የአገራችን አምጃ ዘመድ ነው። ጌሊኮች “አኽላሳን ኻሉም ኺለ” ይሉታል፤ “የኮሎምባ የብብት እሽግ” እንደማለት ነው። ኮሎምባ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የአዮናን ገዳም የመሠረተው ቅዱስ ነው። ሰዎች ዕፁን ከቡዳ ዓይንና ከጥንቆላ እንዲጠብቃቸው ከልብሳቸው ሥር በግራ ብብታቸው ይይዙት ነበር። ካርማይክል እንደመዘገበው ዕፁ የሚሠራው ሳይፈለግ በአጋጣሚ ከተገኘ ብቻ ነው።

ካርማይክል የሰማውን እንዳለ አላቀረበም፤ ግጥሞቹን አሳምሯል የሚል ክርክር እ.ኤ.አ. በ1976 ሃሚሽ ሮበርትሰን አንሥቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጆን ሎርን ካምቤል ምላሽ ሰጥቶበታል። የዕፁ ስም ግን የካርማይክል ፈጠራ አይደለም፤ ጆን ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተመው የጌሊክ የዕፅዋት ስሞች መጽሐፍ ውስጥ አለ።

“ሳይፈለግ” የሚለው ደንብ ቁልፍ ነው። ዕፅ ሳይፈልግ የሚያገኝ ሰው በየዕለቱ በመስኩ የሚመላለስ እረኛ ወይም ገበሬ ነው። “ብሪሽከን” የሚባለው ተክልም ይህንኑ ያሳያል፤ ድንች ከመግባቱ በፊት ሥሩ ምግብ ነበር። ጌሊኮች ከዕፅዋት ጋር የተዋወቁት በሥራና በረሃብ እንጂ በሽርሽር አልነበረም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶች ለበግ ርቢ ሲሉ ገበሬውን ከቀዬው ሲያፈናቅሉ መስኩ ቀረ፤ ዕፁን በአጋጣሚ የሚያገኘው ሰው ግን ሄደ።

ባዶውን ቦታ ምናብ ሞላው። ባለ13 ወሩ “የኬልቶች የዛፍ ዘመን አቆጣጠር” የጥንት ቅርስ ተብሎ ቢሸጥም፣ ገጣሚው ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመው “ዘ ዋይት ጎደስ” ያቀናበረው ነው። አንባቢ በዚህ ሲደሰት እውነተኛው መዝገብ፣ ማለትም ቋንቋው፣ ያለው በጥቂቶች አፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022ቱ የስኮትላንድ ቆጠራ ጌሊክን በተወሰነ ደረጃ እንኳ የሚያውቀው ሰው ዕድሜው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ 2.5 በመቶ ብቻ ነበር።

ስለዚህ የጌሊክን የዕፅዋት ትውፊት ማክበር የሚጀምረው ቅጠል ከመልቀም አይደለም። ስሙን የሚጠራው አፍና በመስኩ የሚውለው ሰው ከሌሉ፣ አኽላሳን ኻሉም ኺለ ቢጫ አበባ ያለው አረም ብቻ ነው።