ዕውቀትን ለሕዝብ ስለ ማስረዳት

የሥነ ሕይወትን ትምህርት ተምሬ፥ ከቤተ ሙከራው ሥራ ይልቅ ምሥጢሩን ለሕዝብ መግለጽን አብልጬ ስወድ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳሁት ነገር አድማጩ ባዶውን እንደማይመጣ ነው። የደጋ አባቶቻችን ወደ ቆላ የሚወርደውን መንገደኛ በዚያ እንዳያድር አጥብቀው ሲያስጠነቅቁ የኖሩት በከንቱ አልነበረም፤ የወባ ትንኝ አብዝታ የምትነክሰው በሌሊት ነውና፥ ምክንያቱን ለአየሩ ቢሰጡትም ምልከታቸው የቀና ነበር። የመጻሕፍት መምህር ንባቡ ሳይቀና ወደ ትርጓሜው እንደማይሻገር ሁሉ፥ እኔም ስለ ወባ ሳስተምር የምነሣው ሕዝቡ በዓይኑ አይቶ ካረጋገጠው ነው።

ትርጓሜው ግን ትርፍ ጌጥ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. በህንድ አገር የበሽታውን ተሐዋስያን በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አግኝቶ ምክንያቱን ገልጦ ነበር፤ ይህ ዕውቀት ለብዙው ሕዝብ ሳይዳረስ፥ በዚያው አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. ዝናሙ በዝቶ ሙቀቱም ከልማዱ ሲያልፍ፥ ወባ ወደ ከፍተኛው አገራችን ወጥታ፥ ከቆላ መራቅን ብቻ ያወቀውን ሰው በገዛ ቤቱ አገኘችው። በዚያ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ምክንያቱ ያልታወቀ ልማድ፥ ጊዜ ሲለወጥ ባለቤቱን አያድንም።

በዚህ ሙያ እጅግ የሚከብደው ግን የሚነገረውን ከሚተወው መለየት ነው። የተሐዋስያኑን የላቲን ስም ብተወው አድማጬ የሚጐድልበት ነገር የለም። «ትንኝ ከቆሻሻ ትፈላለች» ብዬ ባሳጥረው ግን፥ ደጁን ጠርጎ ሲያበቃ፥ ንጹሕ የዝናም ውሃ ያቆረውን ጐድጓዳ ስፍራ ሳይደፍን ያልፈዋል፤ የወባ ትንኝ እጭ አዘውትሮ የሚያድገው ደግሞ በእንዲህ ያለው ውሃ ነው። እንዲሁም እንስቲቱ ትንኝ በሽታውን የምትቀዳው ከታመመ ሰው ደም መሆኑን ካልነገርሁት፥ ሕመምተኛውን ፈጥኖ ማሳከም ጎረቤትንም መጠበቅ እንደ ሆነ አያስተውልም።

እንግዲህ ሕዝብን ለማስተማር የሚነሣ ሁሉ አንዱን ነገር ከመተዉ አስቀድሞ፥ አድማጩ ያን ባለማወቁ ቤቱ ገብቶ የሚሠራው ሥራ ይለወጥ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ፤ የሚለወጥ ከሆነ፥ ነገሩ ምንም ያህል ቢረዝም ሊቀር አይገባውም።