የጄኔራል ቦናፓርት አዋጅ በአል-ጀበርቲ ሚዛን

የፈረንሳይ ጦር አዛዥ ጄኔራል ቦናፓርት እ.ኤ.አ. በጁላይ 1798 (ሙሐረም 1213 ዓመተ ሂጅራ) እስክንድርያን እንደያዘ ለግብፅ ሕዝብ የተጻፈ የዐረብኛ ደብዳቤ አሳትሞ አሰራጨ። ደብዳቤው በቢስሚላህ ይከፈታል፤ ከአላህ በቀር አምላክ እንደሌለ፣ ልጅም በንግሥናው ተጋሪም እንደሌለው ይመሰክራል። ላኪው ግን ከ30 ሺህ በላይ ወታደር ያስከተለ ወራሪ ነበር። የዲን ቃል በኃይለኛ አንደበት ሲነገር ዓሊም እንዴት ሊያነበው ይገባል? ለዚህ ጥያቄ በዘመኑ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የላቀው የሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ መልስ ነው።

ሸይኹ ተወልደው ያደጉት በካይሮ ቢሆንም የዘር ሐረጋቸው ከዘይላዕ ወዲህ ካለው የጀበርት ምድር ይመዘዛል። ቤተሰባቸውም በአል-አዝሀር የጀበርት ደረሳዎችን ሪዋቅ በኃላፊነት ሲመራ የኖረ ነው። ስለዚህ ንባባቸውን መመርመር ለእኛ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም።

አል-ጀበርቲ ትችታቸውን የጀመሩት ከነሕው ነው። ደብዳቤው ፈረንሳዮችም ሙስሊሞች ናቸው ሲል ቃሉን በረፍዕ ማስቀመጥ ሲገባው በነስብ አስቀምጦታል። ነስብ ማታለልም ማለት ነውና ሸይኹ ስህተቱን ራሱን ምስክር አድርገው እስልምናቸው ነስብ ነው ሲሉ ፈረዱ። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁም ነገር አለው። የአንድን እምነት ቋንቋ በቅጡ ሳይማር በእምነቱ ስም የሚናገር ሰው ንግግሩ ራሱ ያጋልጠዋል።

ቀጥሎም ወደ ዐቂዳ ተሻገሩ። መክፈቻው አላህን አንድ ቢያደርግም የነቢዩን ﷺ መልእክተኛነት በሸሃዳ አላጸናም። ጄኔራሉ ለእስልምናው ማስረጃ ያደረገው የሮማን ጳጳስ ዙፋን ማፍረሱንና የማልታን ባላባት ወታደሮች ማባረሩን ነው። ሸይኹ ይህን ማስረጃ ገለበጡት፤ ክርስቲያኖችን መውጋት ሙስሊም አያደርግም፤ የሚያሳየው ሰዎቹ በየትኛውም ሃይማኖት የማይጸኑ መሆናቸውን ነው።

ደብዳቤው በተጨማሪ ሰዎች በአላህ ፊት እኩል ናቸው፣ የሚያበላልጣቸውም አእምሮ፣ ምግባርና ዕውቀት ብቻ ነው ይላል። አል-ጀበርቲ ይህን ያስተባበሉት አላህ አንዱን ከሌላው አስበልጧል በማለት ነው። በዚህ ላይ መልሳቸው የላላ ይመስለኛል። በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ የሰው ልጅ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ዘር መሆኑ፣ ክብሩም በተቅዋ እንደሚለካ ተነግሯል። ደብዳቤው እኩልነትን አንሥቶ ተቅዋን አስቀርቷል። መነቀፍ የነበረበት ይህ ጉድለት እንጂ የእኩልነት አሳቡ አልነበረም።

የመልእክቱ ትክክለኛ ፍቺ ያለው ግን በማሳረጊያው ድንጋጌዎች ነው። በጦሩ ላይ የሚነሣ መንደር ሁሉ እንደሚቃጠል ተጽፏል። በኦክቶበር 1798 የካይሮ ሕዝብ ሲያምፅ የፈረንሳይ ፈረሰኞች አል-አዝሀር መስጂድ ገብተው ፈረሶቻቸውን በቂብላው በኩል እንዳሰሩ አል-ጀበርቲ መዝግበዋል። በቢስሚላህ የተከፈተው ደብዳቤ በሦስት ወር ከመንፈቅ ውስጥ በተግባር ተተረጐመ።

ሃያሲውም ከሚዛን አያመልጡም። ሸይኹ ይህን ዘመን በሦስት መጻሕፍት ጽፈውታል። የመጀመሪያው ወረራው ገና ትኩስ ሳለ የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ፈረንሳዮች በ1801 ከወጡ በኋላ ለዑስማኒያው ታላቅ ወዚር የቀረበ በመሆኑ ቃሉ የመረረ ነው፤ ሸይኹ ራሳቸው በፈረንሳዮች ዲዋን አገልግለው ነበርና ምሬቱን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። በኋላ በጻፉት ሰፊ ታሪክ ግን ሚዛናቸው ተስተካክሏል። የፈረንሳዮቹን ቤተ መጻሕፍትና የዕውቀት ትጋት አድንቀዋል፤ ጄኔራል ክሌበርን የገደለው ሱለይማን አል-ሐለቢ ያለ ፍርድ እንዳልተቀጣም ልብ ብለዋል።

የአል-ጀበርቲ ዋጋ ጠላትን በመንቀፋቸው ብቻ አይለካም፤ ነቃፊ በዘመኑ ብዙ ነበር። እሳቸው ሰዋስዉን፣ ዐቂዳውንና ድርጊቱን አንዱን በሌላው እየፈተኑ አነበቡ፤ ለጠላት የሚገባውንም ፍትሕ አልነፈጉም። በሐለቃው ነሕውን የሚያስተምር ዑስታዝና በሚንበሩ ላይ የሚቆም ኢማም ከዚህ ንባብ የሚወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ የተቀደሰ ቃል በሰማን ጊዜ አንቀጹን እስከ መጨረሻው እናንብብ።