ግሥ ብቻ የቀረበት ግድግዳ

በ1988 ክረምት መካነ ሰላም ላይ ዝናብ ይዞኝ ሦስት ቀን አደርሁ። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ የሚመጣው መንገድ ጭቃ ሆኖ ነበርና መኪና አልነበረም። ያረፍሁበት ቤት ግድግዳ ምርጊቱ እንዳይታይ ከወለል እስከ ጣሪያ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ተለጥፎበታል። የለጠፈው ሰው ከቀኝ ጀምሮ ወደ ግራ ስለ ሄደ እያንዳንዱ ገጽ የቀደመውን ግራ ጎን ሸፍኖታል። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ ነው። ስለዚህ የርእሶቹ ባለቤት በሙሉ ተቀብሮ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ የማነበው ግሥ ብቻ ሆነ፦ ... ተመረቀ። ... ገለጹ። ... አሳሰቡ። ... ተከበረ። ... ተመረቀ።

የቤቱ ልጆች ፊደል የቆጠሩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ የሚጫወቱት ጨዋታም ነበራቸው። አንዱ ግሥ ይጠራል፤ ሁለተኛው ባለቤት ይሰጠዋል፤ ሦስተኛው «በማግሥቱስ?» ተብሎ ይጠየቃል። ትንሹ ልጅ «አሳሰቡ» አለ። እኅቱ «የጎረቤታችን አህያ» አለች። ግሡ በአንቱ ስለ ሆነ አህያዋም በግድ አንቱ ሆነች። በማግሥቱ ታዲያ የመካነ ሰላም ሰው በሙሉ የገበያ ጭነቱን በጀርባው አዝሎ ወጣ፤ እሳቸው ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ማሳሰባቸውን ቀጠሉ።

የቅድመ ምርመራው አጥር በ1985 በአዋጅ ቁጥር 34 ከተነሣ ወዲህ በግል መጽሔቶች ላይ የድሮ ጋዜጣ ርእስ እያነሱ መቀለድ የተለመደ ነገር ሆኗል። እኔም ደስ እያለኝ ካነበብኋቸው አንዱ ነኝ። ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር የምመዝነው በእነዚያ ልጆች ነው። ብዙው ጸሐፊ ከማዕርጉ ላይ አያልፍም። «ግርማዊ» ሲል ይስቃል፤ «ጓድ» ሲል ይስቃል፤ የዛሬ አለባበስ ለብሶ የትናንቱን ኮት እያሳየ ያሽሟጥጣል። ይህ ርካሽ ሳቅ ነው፤ የሚቀልደው ሰው ራሱ ነገ እንደሚያረጅ ረስቷል። ልጆቹ ግን ርእሱን አመኑት። ካመኑት በኋላ እስከ ማግሥቱ ድረስ ሄዱ። ቀልዱ የተወለደው በንቀት ሳይሆን በእምነት ነው።

«ተመረቀ» የሚለውን ብቻ እንውሰድ። በዚያ ግድግዳ ላይ እርሱን የሚያህል ግሥ አልነበረም፤ የጃንሆይም የደርግም ገጽ እኩል ይወደዋል። ወሎ ደግሞ የምርቃት አገር ነው። አንድ ማታ ከቡናው ዙሪያ የነበሩ ሽማግሌ ልጁ «ድልድዩ ተመረቀ» ሲል ሰምተው «ማን መረቀው?» አሉ። ባለሥልጣን ሪባን ቆርጦ ነው አልናቸው። «ዱዓ ተደረገ? አሚን ያለ ሰው አለ?» አሉ። ማጨብጨብ እንጂ አሚን አልተባለም። «እንግዲያ ተቆረጠ በሉ እንጂ ተመረቀ አትበሉ» ብለው ሲኒያቸውን አነሡ። ስለ ጋዜጣ ቋንቋ ከብዙ ምሁራን የሰማሁት ትችት የእሳቸውን ያህል አጥንት ድረስ አልገባም። ቃሉን ከአፍና ከእጅ ወስዶ ለመቀስ የሰጠው ጋዜጣ ነው፤ እኛም ሳናስተውል ተከተልነው።

ደርግ ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር እናውላለን ይል ነበር። ይህን ያመነ ሰው ማግሥቱን ቢያስበው የለጋምቦ ውርጭ ያለ ፈቃድ ባቄላ ማሳ ውስጥ ተገኝቶ ቀበሌ ይታሰራል። ደመናም ከወግዲ ወደ ቦረና ሲሻገር የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ቆልፎ ስብሰባ ስለ ሄደ ኬላው ላይ ቆሞ ያድራል፤ ገበሬውም ዝናቡ ምን ነካው እያለ ሰማይ ሰማይ ያያል። ይህን ስጽፍ ያስቀኛል። ግን እውነተኛው ማግሥት ምን እንደ ነበር አንባቢ ያውቀዋል። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር ወሎ በረሃብ ያልቅ ነበር። ዓለም የኮረምን መጠለያ በቢቢሲ ያየው ከስድስት ሳምንት በኋላ ጥቅምት 13 ቀን ነው።

ከዚያ በፊት በ1965ና 66ም እንዲሁ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንሥተው መጡ፤ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ፊልሙን ለእንግሊዝ ተመልካች አሳየ፤ የእኛው ጋዜጣ ግን ስለ ረሃቡ ለረጅም ጊዜ ርእስ አላገኘለትም። በአዲስ ዘመን አዘጋጅነት የሠራው ብርሃኑ ዘሪሁን ኋላ ያን ዘመን ሊጽፍ ሲነሣ «ማዕበል»ን በሦስት ክፍል ልቦለድ አድርጎ ነው። ጋዜጣው ግሥ የነፈገውን ነገር ለመንገር ሦስት መጽሐፍ ፈጀ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ጋዜጣው በግንቦት 1933 ሲመሠረት የወጣለት ስም ለግድግዳ አይመችም፤ በሦስት መንግሥት ገጾች አናት ላይ ሁሉ ዘመኑ «አዲስ» ነው።

በዚያ ቤት ስንት ማታ «ተራበ» የሚል ግሥ ፈልጌአለሁ። አጣሁ። «ተረዱ» ግን ነበር። እንዲያውም ሁለት ቦታ ነበር።

ሦስተኛው ማታ ቶና ላይ ደርሰን ጨዋታው ቀጠለ። ትንሹ ልጅ ከበሩ አጠገብ ካለው የ1977 ገጽ ላይ «ሰፈሩ» ብሎ ጠራ። እኅቱ ባለቤት ስታስብ እናታቸው ጀበናውን እንደያዘች ቀደመቻት።

«ወንድሜ» አለች።

እናትየዋ የደላንታ ሰው ናት። ያን ዓመትና በማግሥቱ ከ500,000 በላይ ሰው ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል ሲወሰድ ወንድሟ ከእህል ማደያ ጣቢያ መኪና ላይ ወጣ። ወደ ኢሉባቦር ነው የተባለችው። ከዚያ ወዲህ ወሬው አልመጣም። ግሡ በብዙ ቁጥር ነው፤ ወንድሟ አንድ ነው። ልጆቹ ይህን አላረሙም።

በጨዋታው ሕግ ማግሥቱን መናገር የሦስተኛው ድርሻ ነው፤ ተራው ደግሞ የእኔ ነበር። ሁሉም አየኝ። ከፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ «ገለጹ» የሚል ነበር፤ ከእርሱ በታች «አስታወቁ»። እኔ ግን ሲኒዬን ዘረጋሁላት።

«አብሽር እትዬ» አልኋት፤ ቃሉን ከእነርሱው የተማርሁት ነው።

«አብሽሪ ነው የሚባለው ለሴት» ብላ ሣቀች፤ በረካውንም ቀዳችልኝ።