በቃል የተጠና ዓረፍተ ነገርና የእንግሊዝኛ ንግግር፤ ሒሳዊ አስተያየት

እንግሊዝኛን አቀላጥፎ ለመናገር የዕለት ተዕለት ዓረፍተ ነገሮችን ደጋግሞ በቃል ማጥናት በመማሪያ ክፍልም ሆነ ከትምህርት ቤት ውጭ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ደጋፊዎቹ የንግግር ችግር ሁሉ መፍትሔ አድርገው ሲያዩት፣ ነቃፊዎቹ የበቀቀን ትምህርት ይሉታል። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነጥብ ስተዋል። መመርመር የሚገባው ዓረፍተ ነገር ይጠና ወይስ አይጠና የሚለው ሳይሆን፣ የሚጠናው ዓረፍተ ነገር ከማን የዕለት ኑሮ የተወሰደ ነው፤ የሚነገረውስ ለማን ነው የሚለው ነው።

ዘዴው በቋንቋ ትምህርት ጥናት ውስጥ ብዙ ያከራከረ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ቻርልስ ፍሪስ በ1945 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተማሪው የባዕዱን ቋንቋ የድምፅ ሥርዓትና የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ልማድ እስኪሆነው ድረስ በአፍ እንዲለማመድ አሳሰበ። በ1959 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኖም ቾምስኪ የስኪነርን መጽሐፍ ሲተች፣ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር መፍጠርና መረዳት ስለሚችል ቋንቋ የልማድ ክምችት ብቻ ሊሆን አይችልም ሲል ተከራከረ። ይሁን እንጂ አንድሩ ፖሊና ፍራንሲስ ሲደር በ1983 (እ.ኤ.አ.) እንዳመለከቱት፣ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከነጠላ ቃላት እንደ አዲስ አይገነባም፤ በአእምሮው ካከማቻቸው እጅግ ብዙ የተዘጋጁ አነጋገሮች ይቀዳል።

ይህን እውነት የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ስሕተቶች ያረጋግጡልናል። አንድ ልጅ ሲጠሩት ገና ከመቀመጫው ሳይነሣ «መጣሁ!» ይላል። ይህንኑ በሰዋስው ሕግ ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው «አይ ኬም» ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ግን «አይ አም ካሚንግ» ነው። እንደዚሁም «ራበኝ» የሚለውን እንግሊዝኛ «አይ አም ሀንግሪ» በማለት በአሁን ጊዜ፣ ሰውየውን ባለቤት አድርጎ ይገልጸዋል። እንዲህ ያለው አነጋገር ከነሁኔታው ተጠንቶ የሚያዝ እንጂ በትርጉም የሚደረስበት አይደለም። ስለዚህ ዘዴውን ጨርሶ መንቀፍ አይገባም።

ጉድለቱ ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ተማሪዎች በአንድ ድምፅ «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ» ብለው ይመልሳሉ፤ ራሱን ያመመውም እንደ ጤነኛው ይመልሳል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ የሚያዳምጠው የለም። በአንዳንድ መጻሕፍት የሚገኙት ዓረፍተ ነገሮችም የሆቴልና የአውሮፕላን ጣቢያ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን እንግሊዝኛን የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለሆነም የ9ኛ ክፍል ተማሪ የዕለት ኑሮው ሆቴል ሳይሆን ክፍሉ ነው። በየቀኑ የሚያስፈልገው «ጥያቄው አልገባኝም»፣ «እባክዎ ይድገሙልኝ»፣ «በዚህ ሐሳብ አልስማማም፤ ምክንያቱም…» ለማለት መቻል ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ከክፍሉ ሥራ ይመረጡ። ሁለተኛ፣ ተማሪው እውነተኛውን መልስ እንዲሰጥና ያልጠበቀው ጥያቄ እንዲገጥመው ይደረግ። ሦስተኛ፣ ድግግሞሹ ዓላማ ይኑረው። ለምሳሌ ፖል ኔሽን በጽሑፎቹ ያስተዋወቀው ልምምድ ተማሪው አንዱን ጉዳይ ለሦስት የተለያዩ አድማጮች በ4፣ በ3፣ ከዚያም በ2 ደቂቃ እንዲናገር ያደርጋል፤ አድማጩ አዲስ ስለሆነ መድገሙ ትርጉም አለው፤ ጊዜው ስለሚያጥር ምላስ ይፈታል።

እርግጥ ነው፣ ብዙ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል መምህሩ ሁሉንም ሊያዳምጥ አይችልም፤ ጥንዶቹም ስሕተትን ከስሕተት ሊቀባበሉ ይችላሉ። ስለዚህ ልምምዱ ተማሪዎቹ አስቀድመው በሚያውቁት ቃልና ጉዳይ ላይ ቢወሰን ይመረጣል። ከዚህም ሌላ ብሔራዊ ፈተናው ንግግርን እስካልመዘነ ድረስ መምህሩም ተማሪውም ለዚህ ሥራ ጊዜ መስጠታቸው ያጠራጥራል።

የነገሩ ክብደት ከቋንቋ ትምህርት ያልፋል። የፊዚክሱን ወይም የታሪኩን ትምህርት ያልተረዳ ተማሪ «አልገባኝም» የሚልበት ዓረፍተ ነገር ካጣ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ መረዳት ወይም እንደ ስንፍና ይቆጠርበታል። ከመቶ የእንግዳ መቀበያ ዓረፍተ ነገሮች ይልቅ ይህን ዝምታ የሚሰብሩ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይበልጣሉ።